የርካሽ ፕላስቲክ ፓኖራማ ካሜራ ሌንስና ተጨማሪ ዕቃዎቹ፦ ምኑ ይገዛል፣ ምኑ ይቀራል

«ፓኖራማ» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው አብዛኞቹ የፕላስቲክ ካሜራዎች ያንኑ ሌንስ ከያዘ ሌላ ካሜራ የበለጠ ስፋት አያዩም። ጀርባቸውን ስትከፍቱ ፊልሙ በሚያርፍበት መስኮት ላይና ታች ሁለት ጥቁር መከለያዎች ታያላችሁ። 24 በ36 ሚሜ የነበረውን ፍሬም ወደ 13 በ36 ሚሜ ገደማ የሚያጠቡት እነሱ ናቸው፤ የአግድሙ ርዝመት ያው 36 ነው። ኮዳክ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው፣ አንዴ ተነሥቶበት የሚጣለው «ስትሬች 35» የሚሠራው በዚህ መንገድ ነበር። በኋላ የመጡት እነ አንስኮ ፒክስ ፓኖራማና ቪቪታር ፒኤን2011ም እንዲሁ ናቸው።

ስለ ሌንሱም ሆነ ስለ ተጨማሪ ዕቃው የሚወሰነው ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ተራው 10 በ15 ሴንቲሜትር ህትመት ፊልሙን 4 እጥፍ ያህል ያሳድገዋል፤ 25 ሴንቲሜትር የሚረዝመው የፓኖራማ ህትመት ግን 7 እጥፍ ነው። በትንሹ ህትመት ላይ የማይታይ የሌንስ ድክመት በረጅሙ ላይ የሚገለጠው ለዚህ ነው። በሌላ በኩል መከለያው ውለታም አለው፦ የፕላስቲክ ሌንስ ከሁሉ የሚከፋባቸውን አራት ማዕዘኖች ቆርጦ ይጥላል። የግራና የቀኙ ጫፍ ግን ከመሃል 18 ሚሜ ርቆ እንዳለ ይቀራል፤ ድብዝዝታውም እዚያ ነው የሚታየው።

ሌንሱን መመርመር

በካሜራው ፊት የተጻፈው «ኦፕቲካል ሌንስ» የሚል ቃል ስለ ጥራት ምንም አይነግርም። ክብደቱም አይነግርም፤ ትልልቅ ካሜራ እንዲመስሉ ታስበው የተሠሩት ውስጣቸው ለክብደት ብቻ የተቀመጠ ብረት ሊኖር ይችላል። እውነቱን የሚያወጣው ነጸብራቅ ነው። አንድ አምፖል ሥር ቁሙና ካሜራውን ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት፤ እያንዳንዱ የሌንስ ገጽ አንድ የአምፖል ምስል ይመልሳል። ሁለት ምስል ከሆነ ሌንሱ አንድ ቁራጭ ነው፤ አራት ከሆነ ሁለት ቁራጭ። ሁለተኛው ቁራጭ ከመዝጊያው (ፎቶ ሲነሣ ብቻ ተከፍቶ ብርሃን ከሚያስገባው ቅጠል) ኋላ ሊሆን ስለሚችል ጀርባውን ከፍታችሁ ከውስጥም ድገሙት። ሁለት ቁራጭ ያለው ይመረጣል፤ ጫፎቹ ላይ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል።

የበለጠ ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ ፊልም ሳያባክን ሌንሱ የሚሠራውን ምስል በዓይን ማየት ይቻላል። ጀርባውን ክፈቱና የፊልሙን ቀዳዳ የሚይዘውን ጥርሳም ጎማ ፊልም በሚሄድበት አቅጣጫ በጣት አዙሩት። ቀጭ ሲል መዝጊያው ተወጥሯል ማለት ነው። ፊልም ሳይገባ የፎቶ ማንሻ ቁልፉ አልሠራ ያለ ካሜራ ብዙውን ጊዜ ተበላሽቷል ተብሎ ይጣላል፤ አብዛኞቹ ግን መዝጊያውን የሚወጥርላቸው ይህ ጎማ እንጂ ሌላ አይደለም። ከዚያ የመዝጊያውን ቅጠል በስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ ወደ ጎን ያዙትና ፊልሙ በሚያርፍበት ሐዲድ ላይ ደብዛዛ ስኮች ለጥፉ። ሐዲዱ ከግራ ወደ ቀኝ በትንሹ የጎበጠ ከሆነ ስኮቹ ጉብጠቱን ይከተል። ያ ጉብጠት ስህተት አይደለም፤ ቀላል ሌንስ ምስሉን የሚጥለው ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ስላልሆነ ፊልሙን አጉብጦ ለማገናኘት ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ክፍሉን አጨልማችሁ ሌንሱን ወደ መስኮት አዙሩ። መጀመሪያ 3 ሜትር የሚርቅ ነገር፣ ቀጥሎ የሩቅ ምሰሶ፣ በመሃልም በጫፍም እዩ። የግራው ጫፍ ጥርት ብሎ የቀኙ የሚደበዝዝ ከሆነ ሌንሱ ቦታው ላይ ተንጋዶ ተቀምጧል፤ እንዲህ ያለውን ካሜራ መልሱት።

የአብዛኞቹ ሌንስ የትኩረት ርዝመቱ 28 ሚሜ፣ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ መጠን ደግሞ ኤፍ 11 አካባቢ ነው፤ ትኩረታቸውም አይቀየርም። በ7 እጥፍ ህትመት ጥርት ብሎ የሚወጣው በጥሩ ሁኔታ ከ2 ሜትር ወዲያ ያለው ነው። ሰው በ1 ሜትር ላይ አስጠግቶ ማንሣት ፊልም ማባከን ነው። በ28 ሚሜ ጫፎቹ ከመሃሉ ግማሽ ያህል ብርሃን ብቻ ያገኛሉ፤ ይህ የሌንሱ ማዕዘን ጣጣ እንጂ የፕላስቲኩ ብልሽት አይደለም።

ስታጸዱ መጀመሪያ አቧራውን በላስቲክ መንፊያ አስወግዱ፤ ከዚያ በአንድ ጠብታ ሳሙና በተበጠበጠ ውሃ እርጥብ ያለ ጥጥ ይበቃል። አሴቶን የፕላስቲክ ሌንስን ያቀልጣል፣ አልኮልም ያሰነጥቀዋል። ሱፐር ግሉን ከሌንስ አጠገብ አትጠቀሙ፦ ሙጫው ባይነካው እንኳ እንፋሎቱ ሌንሱ ላይ ነጭ ጉም ያረጋል፤ እሱ ደግሞ አይለቅም። በዱባይ ወይም በሪያድ በጋ ካሜራውን መኪና ውስጥ ትቶ መሄድም ፊልሙን ያበላሻል፣ የጀርባውን ክዳን ያጣምማል፤ የተጣመመ ክዳን ደግሞ ብርሃን ያስገባል።

ፊልም

ኤፍ 11 እና 1/125 ሰከንድ ላይ ለቆመ ካሜራ መቆጣጠሪያው ፊልሙ ብቻ ነው። በደመና ወይም በጥላ ውስጥ አይኤስኦ (ፊልሙ ለብርሃን ያለው ስሜት መለኪያ) 400 ልክ ይመጣል። በጠራራ ፀሐይ ይኸው ፊልም 3 ስቶፕ ያህል ብርሃን ይበዛበታል (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ በእጥፍ መጨመሩ ወይም በግማሽ መቀነሱ ነው)፤ የቀለም ኔጋቲቭ ይህን ይችላል፣ ምስሉን ሳይገለብጥ በትክክለኛ ቀለሙ የሚያሳየው ስላይድ ፊልም ግን ነጭ ሆኖ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ከሆነ አይኤስኦ 100 ያዙ፣ አንድ ስቶፕ ብቻ ነው የሚበዛበት።

ገንዘብ የሚገባቸውና የማይገባቸው ዕቃዎች

በእኛ ግምት ከሁሉ በፊት የሚገዛው ጥቁር ናስትሮ ነው። ፊልም ከገባ በኋላ የክዳኑን ማጠፊያ፣ መቆለፊያውንና የፊልሙ ዓይነት የሚታይበትን ትንሽ መስኮት ሸፍኑበት። የት እንደሚያስገባ ለማወቅ ባዶውን ካሜራ ጨለማ ክፍል ውስጥ ዝጉና ባትሪ በዙሪያው እያዞራችሁ በሌንሱ በኩል ወደ ውስጥ እዩ፤ ለዚህ መዝጊያው በስቴኪኒ ክፍት ይሁን።

ሁለተኛው የፀሐይ መከታ ነው። ገበያ ላይ ያለው ክብ መከታ ጫፎቹን ይቆርጣል፤ ሌንሱ በአግድም 65 ዲግሪ ያያልና። በቁመት ግን የሚያየው 26 ዲግሪ ብቻ ስለሆነ ከላይ ረጅም መከታ ማድረግ ይቻላል። 30 ሚሜ ወደ ፊት የሚወጣ ጥቁር ካርቶን ቁረጡና ከሌንሱ መሃል 15 ሚሜ ከፍ አድርጋችሁ በናስትሮ ያዙት። የጎን ክንፍ አትጨምሩ። ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋን የሌላቸው የፕላስቲክ ሌንሶች ፀሐይ በቀጥታ ስትመታቸው ፎቶውን ሁሉ ስለሚያነጡት፣ ይህ ቁራጭ ካርቶን ከማንኛውም ውድ ዕቃ ይበልጣል። መከለያውን በማንሸራተቻ የሚያነሣ ካሜራ ከሆነ ግን በሙሉ ፍሬም ስታነሡ መከታውን አውልቁት፤ አለበለዚያ ከላይ ጥቁር ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

ሦስተኛው ትንሽ ውሃ ልክ ነው። ካሜራው አናት ላይ በሁለት በኩል በሚይዝ ስኮች ለጥፉት። 2 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል የአድማስ መስመሩ በ25 ሴንቲሜትር ህትመት ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 9 ሚሜ ይወርዳል። ከእንጦጦ ላይ አዲስ አበባን የሚያነሣ ሰው ይህን ስህተት ህትመቱን ሲያይ ነው የሚያውቀው። የትራይፖድ መያዣ ለሌለው ካሜራ 500 ግራም ሩዝ ወይም ምስር ያለበት የጨርቅ ከረጢት አጥር ላይ አስቀምጦ ካሜራውን እላዩ ላይ መጫን ይሻላል፤ ካሜራው ቀላል፣ ማንሻው ደግሞ ጠንካራ በመሆኑ ሲጫኑት ይነቀነቃል።

ፊልተር ከጥቁርና ነጭ ፊልም ጋር ዋጋ አለው። ሌንሱ ፊልተር የሚጠመዘዝበት ጥርስ ስለሌለው ጠርዙን በማስመሪያ ለኩ፣ ከዚያ ከጠርዙ ሰፋ ያለ የፊልተር መግጠሚያ ቀለበት በሚነቀል ለስላሳ ማጣበቂያ ያዙ። ቢጫ ፊልተር አንድ ስቶፕ ይወስዳል፤ አይኤስኦ 400 በፀሐይ 3 ስቶፕ ተርፎት ስለነበር ምንም አይጎዳም። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንሰውንና ሰማይ የሚያጠቁረውን ፊልተር) ግን ተዉት፦ በዚህ ስፋት ሰማዩን ግማሹን ጥቁር፣ ግማሹን ፈዛዛ ያደርገዋል። ከፊት የሚገጠም «ሰፊ ማዕዘን» ሌንስም አያስፈልግም፤ ደካማው ጫፍ ላይ ሌላ ድክመት ይደርባል።

እውነተኛ ስፋት የሚፈልግ ሎሞግራፊ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣውን ስፕሮኬት ሮኬት የተባለ ካሜራ ይመልከት። 30 ሚሜ የፕላስቲክ ሌንስ፣ ኤፍ 10.8 እና ኤፍ 16፣ የትራይፖድና የፍላሽ መያዣ አለው፤ ከተራ ፍሬም ሁለት እጥፍ የሚረዝም ምስል ስለሚያነሣ ባለ 36 ፊልም 18 ብቻ ይወጣዋል። ጫፎቹ ከመሃሉ 2 ስቶፕ በላይ ይጨልማሉ፤ ለውጤቱ መልክ የሚሰጠውም ይኸው ነው።

ፎቶ ቤት

ፊልሙን ስትሰጡ ሁለት ነገር ጽፋችሁ ለጥፉበት፦ አንደኛ «ፓኖራማ ነው»፣ ሁለተኛ «አትቁረጡት፣ እንደተጠቀለለ መልሱልኝ»። ስካነሩ ከላይና ከታች ያለውን ጥቁር ባዶ ቦታ እንደ ጨለማ ፎቶ ቆጥሮ ምስሉን ከልክ በላይ ያነጣዋል፤ ስለዚህ ብርሃኑ በእጅ እንዲስተካከል ጠይቁ። ቤት የምትሰካኑ ከሆነ 2400 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ 2400 ነጥብ) 3400 በ1200 ፒክስል ገደማ ይሰጣል፤ ለ25 ሴንቲሜትር ህትመት ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በላይ ብትወጡ የምታገኙት የሌንሱን ድብዝዝታ በትልቁ ነው።