ከሱሉልታ የገዙትን አሮጌ ቮልስዋገን በሰላም ወደ አዲስ አበባ ስለ ማምጣት

ለዓመታት ግቢ ውስጥ ቆሞ የኖረ ቮልስ የገዛ ሰው ባትሪ ተቀይሮለት ሞተሩ በተነሣ ጊዜ፣ «ከተማው ቅርብ ነው፤ ቀስ ብዬ ልንዳው» ማለቱ አይቀርም። የሞተሩ መነሣት ግን ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ጎማውና ስለ ቤንዚን ቱቦው የሚነግረን ነገር የለም። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የጎጃም መንገድ ከዚያ ተነሥቶ በመጀመሪያ የእንጦጦን ሰንሰለት ያስወጣል፤ ቀጥሎም እስከ አዲሱ ገበያ በረጅም ቁልቁለት ያስወርዳል። ስለዚህ መኪናውን በገዙበት ዕለት እንዳያንቀሳቅሱት አጥብቄ እመክራለሁ። ሻጩን ሁለት ወይም ሦስት ቀን እንዲታገሥዎ ይለምኑና የሚያምኑትን መካኒክ ይዘው ወደ ግቢው ይመለሱ።

ከሁሉ በፊት ሰነዱን ይመልከቱ። በሊብሬው ላይ የተጻፈው የሻሲ ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰል አለበት፤ በቮልስ ላይ ይህ ቁጥር የሚገኘው ከኋላ መቀመጫ ሥር፣ በመሐል በሚያልፈው የብረት ጉብታ ላይ ሲሆን የሞተሩ ቁጥር ደግሞ ከዲናሞው (ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ክፍል) መቆሚያ ግርጌ ተመትቷል። ቦሎው ጊዜው ያላለፈ፣ የሦስተኛ ወገን መድኑም የጸና መሆን ይኖርበታል፤ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት ያለ መድን መንዳት ክልክል ነው።

መቀመጫውን ካነሡ አይቀር ባትሪውንም ይዩት፤ የቮልስ ባትሪ ያለው እዚያው ነውና። መሸፈኛው ከጠፋ፣ ከበድ ያለ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የመቀመጫው ሽቦ የባትሪውን ጫፎች ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ወፍራም የጎማ ምንጣፍ ቆርጦ በላዩ መደልደል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች ባለ 6 ቮልት ስለ ሆኑ ደግሞ ከሌላ መኪና ባለ 12 ቮልት ባትሪ ገመድ ስቦ ማስነሣት አይገባም።

ቀጥሎ የቤንዚኑ ነገር ይመጣል። ለዓመታት በጋኑ ውስጥ የቆየው ቤንዚን ተቀድቶ ይውጣና አዲስ ይግባበት። ከጋኑ እስከ ካርቡሬተሩ ያለውን የጎማ ቱቦ ግን፣ ደኅና ቢመስልም እንኳ፣ ሙሉ በሙሉ እንዲቀይሩት እለምናለሁ። የደረቀ ቱቦ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፤ ቤንዚኑ ከሞተሩ በላይ ይንጠባጠባል፤ እሳት ለማስነሣትም ከአጠገቡ የኤሌክትሪክ ብልጭታ አይጠፋም። ብዙ ቮልሶች ተቃጥለው የቀሩት በዚህ ምክንያት ነው። በየመገጣጠሚያው ፋሼታ (የቱቦ ማጥበቂያ ቀለበት) ይጥበቅበት፤ እሳት ማጥፊያውም ከሾፌሩ እጅ የማይርቅ ቦታ ላይ ይቀመጥ።

የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በነፋስ ነው። ነፋሱን የሚሰጠው ማራገቢያ ከዲናሞው ጋር በአንድ ቺንጊያ (የጎማ ቀበቶ) ስለሚዞር፣ በጉዞ ላይ የዲናሞው ቀይ መብራት ከበራ ቺንጊያው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቅጽበት ዳር ይዞ ሞተሩን ማጥፋት ግድ ነው። ትርፍ ቺንጊያና 21 ቁጥር ቁልፍ ይያዙ። እኔ ከሱሉልታ የገዛሁት ቮልስ ከባሕር ዛፍ ሥር የቆመ ስለ ነበር፣ የማራገቢያውን ሽፋን ስንፈታ ውስጡን ቅጠልና የአይጥ ጎጆ ሞልቶት አገኘን፤ ያንን ሳናይ ዳገቱን ብንጀምር ኖሮ ሞተሩ ከጫፍ ሳይደርስ በተቃጠለ ነበር። የሞተር ዘይቱም ይለወጥ፤ የሚይዘው ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ስለ ሆነ በጥቂቱ መጉደሉ እንኳ ይጎዳዋል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ግን ፍሬኑ ነው። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ሲሞቅ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ እንደ ሆነ ወለል ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ አሮጌው ዘይት በሙሉ ወጥቶ በአዲስ ይተካ፤ በፍሬኑ መስመር ውስጥ የገባው አየርም በአራቱም ጎማዎች በኩል ይውጣ። ከዚያ ፔዳሉን አጥብቀው ረግጠው አንድ ደቂቃ ያህል ይቆዩ፤ ቀስ እያለ ከሰመጠ የሚያፈስ ነገር አለና ጉዞው ይቅር። በጥንቶቹ ቮልሶች ላይ የፍሬኑ መስመር አንድ ብቻ በመሆኑ አንዲት ቱቦ ብትፈነዳ አራቱም ጎማዎች ያለ ፍሬን ይቀራሉ። የእጅ ፍሬኑ በካቦ የሚሠራ የተለየ መስመር ስለ ሆነ ያን ጊዜ የሚተርፈው እሱ ብቻ ነው፤ በግቢው ውስጥ በዝግታ እየነዱ መያዝ አለመያዙን ሳይሞክሩ አይውጡ። ታምቡሮቹም (ከጎማው ጋር የሚዞሩት የፍሬን ከበሮዎች) ተፈትተው በውስጣቸው ያሉት የፍሬን ሸራዎች ይታዩ።

የጎማውን ዕድሜ ከጎኑ ላይ ማንበብ ይቻላል። ከ«ዶት» ፊደላት በኋላ ከሚመጣው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች ሳምንቱንና ዓመተ ምሕረቱን ያመለክታሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አኃዞቹ ሦስት ብቻ ከሆኑ ጎማው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አይነዳም። ጎሚስታው እንደ ሌላው መኪና አድርጎ እንዳይሞላውም ይንገሩት፤ የቮልስ ፊቱ ቀላል ስለ ሆነ ከፊት 18፣ ከኋላ 27 ፒ.ኤስ.አይ. (የአየር ግፊት መለኪያ) ገደማ ይበቃዋል።

ለጉዞው እሑድ ጠዋት ይመረጣል፤ ጭነት መኪናው ይቀንሳልና። ይሁን እንጂ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት አይገባም፤ በዚያ መንገድ ዳር ሯጮች ማለዳ ልምምድ ስለሚያደርጉና የአሮጌ ቮልስ መብራት ደካማ ስለ ሆነ ነው። ሌላ መኪና የአደጋ መብራቱን እያበራ ከኋላ ይከተልዎ። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር በሩብ ገደማ ስለሚሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጥረዋል፤ ዳገቱን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ሳይቸኩሉ ይውጡት። ጫፉ ላይ ሰፊ ቦታ ፈልገው ይቁሙና የሞተሩን ክዳን ከፍተው የቤንዚን ሽታ ወይም የዘይት ፍሳሽ መኖሩን ይመልከቱ። ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ማርሹን ይቀንሱ፤ በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ፍሬኑን ያለማቋረጥ ከመርገጥ አጥብቆ ይዞ መልቀቅ ይሻላል፤ ታምቡሩ የሚተነፍሰው በዚያ መሐል ነው። ማርሹን ነጻ አድርጎ ቤንዚን ለመቆጠብ መንከባለል የሚባለውን ልማድ በዚህ መንገድ ላይ ፈጽሞ አይሞክሩት።

ፍሬኑ ጥርጣሬ ካሳደረብዎ በገመድ ማስጎተትም መፍትሔ አይሆንም፤ የሚጎተተው መኪና ቁልቁለቱ ላይ ከፊት ያለውን ሄዶ ይመታዋል። ያን ጊዜ ጭነት መኪና ተከራይቶ ማስጫን ይሻላል። ሲጫን ገመዱ በጎማዎቹ ላይ ይታሰር እንጂ በፓራውልቱ ላይ አይሁን፤ የዛገ ፓራውልት ተነቅሎ ይቀራልና።

ቤት ሲደርሱ እጅዎን ወደ አራቱም ታምቡሮች ጠጋ አድርገው ሙቀታቸውን ያነጻጽሩ፤ ከሌሎቹ በጣም የጋለው ፍሬኑ አልለቅ ብሎ የያዘው ጎማ ነው። የጎማዎቹን ብሎኖች እንደገና ያጥብቁ፣ የባትሪውን አንድ ገመድ ይፍቱ፣ ከሞተሩ ሥር ንጹሕ ካርቶን ያንጥፉ፤ በማግሥቱ ጠዋት መካኒኩን ሲጠሩት ካርቶኑን ያሳዩት።