«ኤይ» ለሚምታታባቸው ልጆች፦ ባለ አጥሯ ካርድ

ልጆች እንግሊዝኛ ሲጽፉ «ኤይ» የሚለው ድምፅ ያስቸግራቸዋል። «ሬይን» በኤ እና በአይ ይጻፋል፣ «ዴይ» ደግሞ በኤ እና በዋይ። ድምፁ አንድ፣ አጻጻፉ ሁለት! ሀ ሁ ለቆጠረ ልጅ ደግሞ ይብሳል፤ «ሬ»ን በአንድ ፊደል መጻፍ ለምዶ ሁለት ሦስት ሲጠየቅ ግር ይለዋል።

ዘዴው ይኸውላችሁ። ከካርቶን ሁለት ካርድ ቁረጡ። አንዱ ላይ ኤ እና አይ፣ ሌላው ላይ ኤ እና ዋይ ጻፉ። የዋይዋን ካርድ ቀኝ ጠርዝ በቀይ እስክሪብቶ ደመቅ አድርጋችሁ አስምሩ። አጥር ነው፤ ከሱ ወዲያ ፊደል አይገባም። ከዚያ ቃሉን ጎተት አድርጋችሁ ጥሩለት። «ሬይ...ን» ስትሉ ከኋላ «ን» ስለምትመጣ የአይዋን ያነሳል። «ዴይ»፣ «ፕሌይ» ላይ ድምፁ እዚያው ስለሚያበቃ ባለ አጥሯን። ለ«ኦይ» ድምፅም ይሠራል፦ «ኮይን» በአይ፣ «ቦይ» በዋይ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። እንግሊዝኛ ቃልን በአይ ፊደል መጨረስ ብዙም አይወድም፤ ቦታውን ለዋይ ይለቃል። «ታክሲ»ን ያየ ልጅ ቢሞግታችሁ፣ ከረዥም ቃል የተቆረጠ ነው በሉት።

«ፕሌይንግ» ላይ አጥሩ የፈረሰ ይመስላል። መጀመሪያ «ፕሌይ»ን ይጻፍ፣ ቅጥያውን ከአጥሩ ውጭ ይቀጥልበት። «ኬክ»ን ለመሳሰሉ፣ መጨረሻቸው ላይ ድምፅ የሌላት ኢ ላለችባቸው ቃላት ግን ካርዶቹን አታውጡ። እነሱን ለሌላ ቀን አቆዩዋቸው።