የቴክስት ፋይልን ወደ ፓይተን ዲክሽነሪ ማስገባት (ፋይሉ በአማርኛ ከሆነ)

የከተሞችን የስልክ ኮድ የያዘ ፋይል አለን እንበል። እንዲህ የሚል፦

አዲስ አበባ: 011
ሀዋሳ: 046
ባሕር ዳር: 058
ድሬዳዋ: 025

የከተማውን ስም ስንሰጠው ኮዱን እንዲመልስልን ነው የምንፈልገው። ትእዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው ነው የምጽፋቸው፣ እናንተ ስትተይቡ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። የቫሪያብል ስም ግን በአማርኛም ይሆናል፤ ፓይተን 3 ቅር አይለውም።

መጀመሪያ ባዶ ዲክሽነሪ (ስምን ከዋጋው ጋር አጣምሮ የሚይዝ)፦

ኮዶች = {}

ቀጥሎ ፋይሉን በዊዝ ኦፕን ክፈቱት፤ ሥራው ሲያልቅ ራሱ ይዘጋላችኋል። ኢንኮዲንጉን (ፊደሎቹ ፋይሉ ውስጥ የተቀመጡበትን ዘዴ) ዩቲኤፍ-8 ማለት እንዳትረሱ። ዊንዶውስ ላይ ካልነገራችሁት አማርኛው ወይ ኤረር ያመጣል ወይ ዝባዝንኬ ሆኖ ይወጣል። ፋይሉ ኖትፓድ ላይ ከቦም (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ከሚገባ የማይታይ ምልክት) ጋር ሴቭ ተደርጎ ከሆነ ደግሞ ዩቲኤፍ-8-ሲግ በሉት፤ ያለዚያ ምልክቱ የመጀመሪያው ስም ላይ ይለጠፍና፣ አዲስ አበባ ፋይሉ ውስጥ ቁልጭ ብላ እየታየች ፓይተን የለችም ብሎ ድርቅ ይላል።

አሁን በፎር ሉፕ መስመር በመስመር ሂዱ። መስመሩን ስትሪፕ አድርጉት (ዳርና ዳር ያለውን ባዶ ቦታ ያነሳል)፣ ባዶ ከሆነ በኮንቲኒው ዝለሉት (ፋይል መጨረሻ ላይ ባዶ መስመር አይጠፋም)። የቀረውን በስፕሊት ኮለኑ ላይ ክፈሉት። ስፕሊት ውስጥ ከኮለኑ ቀጥሎ 1 ጨምሩ፤ አንዴ ብቻ ቁረጥ ማለት ነው፣ ወደኋላ ሌላ ኮለን ቢኖር እንዳይበጣጠስ። ሁለቱን ቁራጮች ከተማ እና ቁጥር ብላችሁ ያዙ፣ ለየብቻ ስትሪፕ አድርጓቸው፣ ከዚያ፦

ኮዶች[ከተማ] = ቁጥር

አለቀ። ኮዱ ይኸው ነው፤ ነገረኛው ፋይሉ ነው።

ቁጥሩን ወደ ኢንት (ሙሉ ቁጥር) መለወጥ ካማራችሁ ተዉት። 011 ኢንት ሲሆን 11 ብቻ ይቀራል፣ በዚህ ማን ይደውላል? የምትደምሩት ዋጋ ምናምን ከሆነ ኢንት አድርጉት፣ ግን ፭ ብሎ በግዕዝ የጻፈ ካለ ኢንት አይቀበልም።

የባሰው የአማርኛው ሁለት ነጥብ ነው። ፡ እና : ለዓይን መንታ ናቸው፣ ለፓይተን ግን አይተዋወቁም። አንድ መስመር ላይ የአማርኛው ከገባ ስፕሊት የሚቆርጠው ያጣና "ኖት ኢናፍ ቫልዩስ ቱ አንፓክ" የሚል ኤረር ይመጣል። ከመክፈላችሁ በፊት በሪፕሌስ ፡ን ወደ : ቀይሩት።

ፊደልም አለ። ፋይሉ ሀዋሳ ይላል፣ ጠያቂው ሐዋሳ ብሎ ይጽፋል፣ ውጤቱ ኪይ ኤረር (ስሙ ዲክሽነሪው ውስጥ የለም የሚል ስሕተት)። ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የምትመልስ ትንሽ ፈንክሽን ጻፉ፤ ሰባቱንም ቤት ትሸፍን፣ ሃ እና ሓም አይረሱ። ፋይሉን ስታነቡም ስትፈልጉም በእሷ አሳልፉ፣ በአንዱ በኩል ብቻ ካደረጋችሁት ዋጋ የለውም። አዋሳ የሚል ሰው ካለ ግን ፈንክሽኗ አታድነውም፣ ፋይሉ ላይ አንድ መስመር ጨምሩለት።

ስትፈልጉ በጌት ፈልጉ፤ ስሙ ከሌለ ፕሮግራሙ ከሚቆም "አልተገኘም" እንዲል ማድረግ ትችላላችሁ። አንድ ከተማ ሁለት ጊዜ ተጽፎ ከሆነ ደግሞ ፓይተን ትንፍሽ ሳይል የኋለኛውን ይይዛል። ስለዚህ ከማስገባታችሁ በፊት ስሙ ኮዶች ውስጥ መኖሩን በኢፍ አረጋግጡ፣ ካለም መስመሩን ፕሪንት አድርጉት።