ኦቲዝም ላለበት ልጅ የቫይታሚን ሕክምና ሲፈልጉ

ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ በሻንጣው ይዞት የሚገባው የቫይታሚን ጠርሙስ ለብዙ ወላጆች ትልቅ ተስፋ ነው። ሆኖም ኦቲዝምን የሚያድን ቫይታሚን እስካሁን አልተገኘም፤ ቫይታሚን በእርግጥ የሚጠቅመው እጥረት ያለበትን ልጅ ነው። ስለዚህ ፍለጋውን ከመድኃኒት ቤት ሳይሆን ከማዕድ ይጀምሩ። ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ብዙዎቹ ምግብ አብዝተው ስለሚመርጡ፣ ልጅዎ ለሁለት ሳምንት የበላውንና የጠጣውን፣ የወሰደውንም መድኃኒት በደብተር ይመዝግቡ። ደብተሩን ለሕፃናት ሐኪም አሳይተው የብረት፣ የቫይታሚን ዲ እና የቢ12 ምርመራ ያስፈልግ እንደሆነ ይጠይቁ። ምግብ ከመምረጣቸው የተነሣ የቫይታሚን ሲ እጥረት ይዟቸው መራመድ ያቃታቸው ልጆች በሕክምና መጽሔቶች ተዘግበዋል፤ ለእነርሱ ቫይታሚኑ ራሱ መድኃኒታቸው ነው።

በቅርብ ጊዜ ወላጆች አብዝተው የሚጠይቁት ስለ ሉኮቮሪን ነው። ሉኮቮሪን የፎሌት (የቫይታሚን ቢ9) ዓይነት ሲሆን፣ በካንሰር ሕክምና ሜቶትሬክሴት ከተባለው መድኃኒት ጋር ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ፣ በሐኪም ትእዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የአሜሪካ መንግሥት ከኦቲዝም ጋር አያይዞ ካነሣው ወዲህ ስሙ ገንኗል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከሚጠቀሱት ጥናቶች አንዱ ያካተተው 48 ልጆችን ብቻ ነው። በአቋራጭ ከማስመጣት ይልቅ ለሐኪሙ ሦስት ጥያቄዎችን ያቅርቡ፦ ልጄ የፎሌት ችግር እንዳለበት የሚያስጠረጥር ምን ምልክት አለ? ለውጡን በምን እንለካለን? ለውጥ ካልታየ መቼ እናቆማለን? ከሁሉ በላይ፣ ልጁ የሚጥል በሽታ ኖሮበት ፌኖባርቢታል ወይም ፌኒቶይን የሚወስድ ከሆነ ይህን ሳይናገሩ ከሐኪሙ ክፍል አይውጡ፤ በብዛት የተወሰደ ፎሌት የእነዚህን መድኃኒቶች ኃይል አዳክሞ የሚጥለውን በሽታ ሊያባብስ ይችላል።

ቤት ውስጥ ያለውንም ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ። ሚሊግራምና ማይክሮግራም በሺህ እጥፍ ስለሚለያዩ መጠኑን ከመለያው ላይ ሐኪሙ ራሱ ቢያነበው ይሻላል። ቫይታሚን ኤ እና ዲ በሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀሙ ሲበዙ ጉበትንና ኩላሊትን ይጎዳሉ፤ ቢ6 በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭን ያውካል።

ሐኪሙ ከፈቀደ አንድ ነገር ብቻ ይጀምሩ፣ እንቅልፉንና ንግግሩንም በዚያው ደብተር ይከታተሉ። የንግግር ሥልጠናውና ትምህርቱ ግን በቫይታሚኑ ምክንያት ለአንድ ቀንም አይቋረጡ።