ከመጠን ያለፈ ክብደት ላላት ነፍሰ ጡር ስፖርቱ ከየት ይጀመር?

ሐኪም "ስፖርት ሥሪ" ሲል ብዙ ሴት በመጀመሪያው ሳምንት ትጣደፋለች፤ ከዚያ ጉልበቷን ወይም ወገቧን ያማትና ትተወዋለች። ስለዚህ በትንሹ ጀምሪ። ለስፖርት አዲስ ከሆንሽ በሳምንት 3 ቀን፣ በቀን 15 ደቂቃ መራመድ ይበቃል። ከከበደሽ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ 5 5 ደቂቃ አድርጊው። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመርሽ በሳምንት ወደ 150 ደቂቃ ድረሺ።

ግን አስቀድመሽ ክትትል የምታደርጊበት ቦታ ጠይቂ። ደም ከፈሰሰሽ፣ እንግዴ ልጁ የማሕፀን በር ላይ ከተቀመጠ፣ የማሕፀን በርሽ እንዳይከፈት በክር ከተሰፋ፣ የእርግዝና ደም ግፊት ወይም ከባድ የደም ማነስ ካለብሽ ያለ ሐኪም ፈቃድ አትጀምሪ።

ምርጡ ሰዓት ከምግብ በኋላ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ከደም ውስጥ ስኳር ስለሚወስድ፣ ከምሳ በኋላ የ10 ደቂቃ እርምጃ እንኳ ይጠቅማል። ኢንሱሊን የምትወስጂ ከሆነ ግን ስኳርሽን ሳትለኪና ከረሜላ ሳትይዢ አትውጪ።

ፍጥነትሽን በወሬ ለኪው፦ እየተራመድሽ ማውራት ከቻልሽ ልክ ነው፤ ቃል ከቆራረጥሽ ቀንሺ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ዳገቷ ጤነኛውንም ያስተነፍሳል፤ ሜዳውን ምረጪ። በነጠላ ጫማ ኮብልስቶን ላይ አትሂጂ፣ ሆድ ሲገፋ ሚዛን ይዛባል። ጭንሽ እየተፋተገ ከላጠሽ ቫዝሊን ቀቢና ረዘም ያለ ጠባብ ቁምጣ ከውስጥ ልበሺ።

በሳምንት 2 ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ ጡንቻሽን አሠሪ። ወንበር ግድግዳ አስደግፊ፣ እግርሽን በዳሌሽ ልክ ክፈቺ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ 8 ጊዜ ተነሺ፣ ተቀመጪ። ስትነሺ አየር አስወጪ፤ ትንፋሽ መያዝ ግፊት ይጨምራል። ጉልበትሽን ካመመሽ መቀመጫው ላይ ብርድ ልብስ አጥፈሽ ከፍ አድርጊው። አርፈሽ አንድ ዙር ድገሚ። ከ4ኛው ወር በኋላ በጀርባ ተኝቶ የሚሠራውን ተዪ፤ ማሕፀኑ ትልቁን ደም ሥር ተጭኖ ያዞርሻል።

በእርግዝና መክሳት አይታሰብም። ከእርግዝና በፊት የክብደት ምጣኔሽ (BMI፦ ኪሎሽ በሜትር ለተለካ ቁመትሽ ሁለት ጊዜ ሲካፈል) ከ25 እስከ 29.9 ከነበረ ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ፣ 30 እና ከዚያ በላይ ከነበረ ከ5 እስከ 9 ኪሎ መጨመር ይመከራል።

ደም ወይም ሽርት ውሃ ከፈሰሰ፣ ቁርጠት ከተደጋገመ፣ ደረትሽን ካመመሽ፣ ካዞረሽ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከያዘሽ አቁመሽ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። አንዱ ባትሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና አትታሺው፤ የዚያኑ ቀን ታዪ።