ቤተ ክርስቲያናችሁ ሲታመስ ጸሎታችሁን እንዳትጥሉ

በዚያ ዓመት ቤተ ክርስቲያን የተመላለስኩትን ያህል በሕይወቴ ተመላልሼ አላውቅም። ማክሰኞ ስብሰባ፣ ሐሙስ ስብሰባ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ስብሰባው ስብሰባ። የሰበካ ጉባኤው ሒሳብ ያዥ ነበርኩ። አንድ ሌሊት ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ ውዳሴ ማርያም ካነበብኩ አራት ወር አልፎኛል። መጽሐፉ እዚያው መኪናው ውስጥ ነው። የፓርኪንግ ደረሰኝ ተከምሮበታል።

ጠቡ ምን መሰላችሁ? እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው። ከ1984 ዓ.ም. በኋላ ሲኖዶሳችን ሁለት ሲሆን፣ በውጭ ያለነውም ሦስት ቦታ ተከፈልን፦ ያገር ቤቱ፣ የስደተኛው፣ ከሁለቱም ሥር ያልገባው ገለልተኛው። የእኛ አጥቢያ ገለልተኛ ነበር። ሐምሌ 2010 ዓ.ም. አባቶች ዋሽንግተን ላይ ታረቁ፤ በስደት የነበሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስም አገራቸው ገቡ። አዳራሻችን በእልልታ ተናወጠ። በሁለተኛው ሳምንት ጥያቄው መጣ። እንግዲህ ከሀገረ ስብከቱ ሥር እንግባ ወይስ እንደ ድሮው እንቆይ? በላባችን የገዛነው ሕንፃስ በማን ስም ይሁን? እርቁ ወረደ፣ እኛ ተጣላን።

እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ላላችሁ፣ ከራሴ ስሕተት የተማርኩትን ልንገራችሁ።

ከሁሉ በፊት የራሳችሁን ቁጠሩ። መቼ ነው ንስሐ የገባሁት? መቼ ቆረብኩ? ረቡዕና ዓርብን እየጾምኩ ነው ወይስ ስብሰባ አለ ብዬ ያገኘሁትን እየበላሁ? ጠብ መጀመሪያ የሚበላው እነዚህን ነው፤ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ስለምትውሉ አይታወቃችሁም። እኔ አንድ ደንብ አወጣሁ፦ ጠዋት የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳላደርስ ቴሌግራም አልከፍትም። ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያው ሳምንት ግን እጄ ራሱ ወደ ስልኩ ይሄድ ነበር።

የነፍስ አባታችሁ በሌላው ወገን ከሆኑስ? የእኔ ነበሩ። ሌላ አባት ልፈልግ አልኩ፤ ኋላ አፈርኩ። ሄጄ፣ «አባ፣ በስብሰባው አልስማማዎትም፤ ለንስሐዬ ግን መጥቻለሁ» አልኳቸው። ስቀው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ስለ ሕንፃው አንድም ቃል አልተነጋገርንም። የነፍስ አባትን የቡድን ምስክር አታድርጉ።

ቀጥሎ፣ የምትጣሉበትን ነገር በስሙ ጥሩት። ዶግማ፣ ማለትም የእምነቱ መሠረት ነው? ቀኖና፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው? ወይስ አስተዳደር? ዶግማ አይነካም። ቀኖና ቢሻሻልም በሲኖዶስ ነው እንጂ በእኛ አዳራሽ እጅ በማውጣት አይደለም። የእኛ ጠብ ሲበጠር አብዛኛው አስተዳደር ሆነ፦ ቁልፍ፣ ፊርማ፣ ሞርጌጅ። ለልጆቹ በእንግሊዝኛ ይሰበክ የሚለው ክርክር እንኳ «ሃይማኖታችን ተነካ» ተብሎ ነበር የቀረበው። ስለ ፊርማ የተጣላ ሰው «መናፍቅ» ሲባል ዝም አትበሉ፤ የራሳችሁ ወገን ሲለው ደግሞ ቀድማችሁ ተናገሩ። ይሄኛው ይከብዳል።

ገንዘብ ላይ አጭር ልሁን፣ ሥራዬ ስለነበር ብዙ ያናግረኛል። አስራትን መሣሪያ አታድርጉት። ሒሳቡን ከተጠራጠራችሁ ኦዲት ይደረግ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ጥያቄው ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍርም አድርጉ። እኔ የወሩን ገቢና ወጪ አትሜ በሩ ላይ መለጠፍ ስጀምር ሐሜቱ በግማሽ ቀነሰ። ፍርድ ቤት የመሄድ ሐሳብም ይመጣል። እዚህ አገር ዳኛ ማን ትክክለኛ አማኝ እንደሆነ አይፈርድም፤ የሚያየው ውሉንና መተዳደሪያ ደንቡን ነው። የሁለቱም ወገን ጠበቃ የሚከፈለው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ከምእመኑ ኪስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች «ብትበደሉ አይሻልምን?» ያላቸውን እኛ ጉባኤ ላይ አንድ ሽማግሌ ሲያነቡት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤቱ ጸጥ አለ።

ይህን ስል ግን ወንጀል ይሸፈን ማለቴ አይደለም። ገንዘብ ከተሰረቀ ወይም ልጅ ከተነካ «ለሰላም ሲባል» አይባልም። ለሕግ ነው የሚነገረው።

አሁን ወደ ከባዱ። የልጄ የክርስትና እናት በሌላው ወገን ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ጸበል ጻዲቅ ስንሠራ የኖርን ሰዎች ነን። ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ ሲል፣ ሁሉም ወደ ግራና ወደ ቀኝ እጅ ይነሳሳል። እሷ ከቀኜ ቆማለች። እኔ ነጠላዬን አስተካከልኩ። አዎ፣ ነጠላዬን! ሰላምታው ሲያልፍ ቀና አልኩ። ያን ቀን ለመቁረብ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልቆረብኩም። መባህን ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ የሚለውን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳውቀው፣ ለእኔ የተጻፈ መስሎኝ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ ሂዱ። በስልክ አይደለም፣ በግሩፕ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ጌታ «አንተና እርሱ ብቻችሁን» ነው ያለው፤ ሽማግሌ የሚጨመረው ያ ሳይሆን ሲቀር ነው። ስትሄዱ ሰነድ አትያዙ። እኔ ሎሚና ቡና ይዤ ሄድኩ፤ እናቷ ታመው ነበርና እሳቸውን ጠየቅሁ። ሁለተኛው ቡና ላይ ራሷ፣ «ነጠላሽን ስትነካኪ አይቼሻለሁ» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ስለ ሀገረ ስብከቱ ያን ቀን አላነሳንም፤ ባነሳን ኖሮ እንጣላ ነበር።

ልጆቻችሁን አትርሱ። ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት ስትመለሱ መኪና ውስጥ የምታወሩትን የኋላ ወንበር ሁሉንም ይሰማል። የእኔዋ አንድ ቀን፣ «ቄሱ መጥፎ ሰው ናቸው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ መኪና ውስጥ መዝሙር ብቻ ነው።

የማይሆንላችሁ ከሆነና አጥቢያ ከቀየራችሁ ተሰናብታችሁ ሂዱ፣ ቁልፉንም መልሱ። ጳውሎስና በርናባስም ስለ ማርቆስ ተለያይተዋል፤ ኋላ ግን ጳውሎስ ራሱ ማርቆስን አምጣልኝ ብሎ ለጢሞቴዎስ ጽፏል።

የእኛ ድምፅ አሰጣጥ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሆነ። እኔ እጄን ለድጋፍ አወጣሁ፣ የልጄ ክርስትና እናት ለተቃውሞ። ቃለ ጉባኤው ተነቦ ሳያልቅ እጄን ጎትታ ወደ ማድ ቤት ወሰደችኝ፤ ሽንኩርቱ ገና አልተከተፈም ነበር።