«ካላቃጠለ አልያዘም» እና ሌሎች የሪላክሰር ስህተቶች

ታህሳስ ገብቶ ቁልቢ ሲቃረብ ድሬዳዋ ውስጥ የፀጉር ቤት ወረፋ አይቻልም። ሁሉም ሪላክሰር፣ ማለትም የተጠቀለለ ፀጉር የሚዘረጋ ክሬም፣ ይፈልጋል፤ ሁሉም ዛሬውኑ ይፈልጋል። ስናገር ውዬ ጉሮሮዬ ስለሚደርቅ ልጻፈው።

«ካላቃጠለ አልያዘም።» ይሄን ወሬ የጀመረውን ሰው ባገኘው! ደንበኛዬ ወንበሩን ጨብጣ፣ እንባዋ እየመጣ «ትንሽ ይቆይ አቦ፣ ገና መያዙ ነው» ትለኛለች። የኔ እናት፣ ፀጉር ሕመም አይሰማውም። የሚቃጠለው ቆዳሽ ነው። ዕቃው ላይ «ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ» የሚል ካለ ያ ኮስቲክ ሶዳ ነው፤ ሳሙና የሚሠራበት፣ የተደፈነ ቱቦ የሚከፈትበት። ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድና የአልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) መለኪያው፣ ከ12 በላይ ነው፤ የራስ ቆዳ ግን 5.5 አካባቢ። ፀጉርን ያጠቀለለውን የፕሮቲን ማሰሪያ ይበጥሳል፤ ፀጉሩም ይዘረጋል። ቆዳም ፕሮቲን ነው፤ ክሬሙ ለይቶ አይምርም። አንዲት ሙሽራ ሌላ ቦታ ተቀብታ መጣች። ከጆሮዋ ጀርባ ቆዳው ተልጦ ውሃ ይቋጥራል፤ ማበጠሪያ ማስጠጋት አልተቻለም። በቬሎ ሸፍነን አሳለፍናት። ክፉኛ የተቃጠለ ቦታ ጠባሳ ከያዘ ፀጉር ላያበቅል ይችላል። በቆሰለ ቆዳ ደግሞ ሌላውም ኬሚካል በቀላሉ ይገባል። መለብለብ ሲጀምር ወዲያው ይታጠብ። አለቀ።

ሹሩባ ፈትቶ በዚያው ቀን መምጣትም አለ። በዚህ ሙቀት ሹሩባ ስር ያለ ራስ ያሳክካል፤ ጥፍር ይገባበታል። የታከከ ቆዳ ላይ አልቀባም። ጥቂት ቀን ይረፍ።

«ሶዳ የሌለው ነው፣ ለልጄ ቀቢልኝ» የምትል እናት አትጠፋም። በሶዳው ፋንታ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ አለበት፤ እሱ የራሰ ኖራ ነው። አብሮት ከሚመጣው ሁለተኛ ፈሳሽ ጋር ሲደባለቅ እሱም ያቃጥላል። ፀጉር ላይም ካልሲየም ይተዋል። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋግረውን ነጭ ነገር ታውቁታላችሁ፤ ያ ሲጨመርበት ፀጉሩ ደርቆ ይሰባበራል። የፀጉሩ ባለቤት ግን «አልያዘኝም» ብላ ከላይ ትደግመዋለች።

ሲደገም የሚቀባው አዲስ የበቀለው ፀጉር ብቻ ነው።

በደረቅ ሳሙና ማጠብ፦ ሳሙናው ራሱ አልካላይ ነው፤ የቀረውን ክሬም አያከሽፍም። ሪላክሰር የራሱ ሻምፖ አለው። ብዙዎቹ ክሬም እስካለ ድረስ አረፋቸው ሮዝ ነው፤ ነጭ እስኪሆን እጠቡ።

በየወሩ የምትመጡ፣ እናንተን ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ተመራማሪዎች 33,497 ሴቶችን ወደ 11 ዓመት ገደማ ተከታትለው ውጤቱን አወጡ። ፀጉር ማለስለሻ ተጠቅመው በማያውቁት ዘንድ እስከ 70 ዓመት ዕድሜ በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድሉ 1.64 በመቶ ነበር፤ አዘውትረው በሚጠቀሙት 4.05 በመቶ። የማህፀን በር ሳይሆን የማህፀኑን ነው የምላችሁ። «አዘውትረው» የተባሉት በዓመት ከ4 ጊዜ በላይ የተጠቀሙ ናቸው። ጥናቱ ዝምድናውን አሳየ እንጂ ምክንያቱ ሪላክሰሩ ነው ብሎ አልደመደመም። የሚጠረጠሩት ክሬሙ ውስጥ የሚገቡ ፓራቤን፣ ፋታሌትና የመሳሰሉት ኬሚካሎች ናቸው። ፋታሌት «ሽቶ» በምትል አንዲት ቃል ስር ሊደበቅ ይችላል። ከድሬው ታይዋን ገበያም ይገዛ፣ ዘመድ ከውጭም ያምጣው፣ ጀርባውን አንብቡ።

በመጨረሻ ኬራቲን፣ በፒያስትራ ሙቀት የሚሠራው ማለስለሻ። «ፎርማሊን የለውም» ተብሎ ይሸጣል፤ ጀርባው ላይ ግን ሜቲሊን ግላይኮል ይላል፤ እሱ ያው ፎርማሊን ውስጥ ያለው፣ ከውሃ ጋር የተዋሃደ ፎርማልዲሃይድ ነው። ፒያስትራ ሲያርፍበት ፎርማልዲሃይድ ጋዝ ይወጣል። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ይህን ጋዝ በሰው ላይ ካንሰር ያመጣል ብሎ መድቦታል። እኛ ጋ ደግሞ ኤሲው እንዳይባክን በርና መስኮት ተዘግቶ ነው የሚሠራው። ደንበኛዋ ጨርሳ ትሄዳለች፤ ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ትምገዋለች። ልጆች፣ ዓይናችሁ ሲለበልባችሁ ቬንትሌተር አብሩ አትበሉ። ያንኑ ጋዝ ነው የሚያዞረው። በሩን ክፈቱት፣ ሙቀቱም ይግባ።